የደብዳቤው ዕዳ

መቼስ የእኔ ቢጤ ዕድሜው ከሃምሳ የዘለለ ወንድ ሁለትና ሦስት ሆኖ ከተቀመጠ ወሬው ወዴት እንደሚያመራ የታወቀ ነው። መጀመሪያ የኑሮ ውድነት ይነሣል። ቀጥሎ ደም ግፊትና ስኳር ይቆጠራሉ። ከዚያ አንዱ ጉሮሮውን ይጠርግና «የዘንድሮ ልጆች ግን ፍቅር አያውቁም!» ይላል። ይህ ከተባለ በኋላ ጣራው ቢወርድ እንኳ የሚሰማ የለም። አንዱ የጻፈውን ደብዳቤ ያነሣል፤ ሌላው በተበደረው ቀይ እስክሪብቶ የሳለውን፣ በቀስት የተወጋውን ልብ፤ ሦስተኛው ከትምህርት ቤት አጥር ሥር ቆሞ ፀሐይ እስኪጠልቅ የጠበቃትን ልጅ። «ዓይኗን ለማየት ብቻ ሁለት ዓመት!» ይላል። ሁላችንም ራሳችንን እንነቀንቃለን። በመጨረሻም ፍርዱ ይሰጣል፦ የእኛ ፍቅር ንጹሕ ነበር፤ የዛሬው በስልክ ይጀመራል፣ በስልክ ያልቃል።

እኔም ከነዚህ ዳኞች አንዱ ነበርኩ። ለዚያውም ሰብሳቢው። ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት በራሴ ችሎት ላይ ይግባኝ ለማለት ነው። ይህን ያህል ዘመን ስንፈርድ አንዲት ምስክር ጠርተን አናውቅምና። ደብዳቤው የተጻፈላትን ልጅ!

የእኔን ታሪክ ወዳጆቼ በቃላቸው ያውቁታል። ዘመኑ 1974 ዓ.ም.፣ ቦታው ጉለሌ ነው። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ልጅቱ ጎረቤታችን፣ የክፍል ጓደኛዬና እኩያዬ ናት። ስሟን አልጽፍም፤ አንድ ጊዜ በጽሑፍ በድያታለሁ፣ ሁለተኛ አልደግመውም። ግቢያችንን የሚለየው የዛገ ቆርቆሮ አጥር ነው። ጠዋት ጠዋት እሷ ከፊት፣ እኔ ሃያ እርምጃ ከኋላ ሆነን ወደ ትምህርት ቤት እንሄዳለን። ያን ጊዜ ስኳርና ሳሙና የሚገኘው ከቀበሌው ኅብረት ሱቅ፣ በካርድ፣ ተሰልፎ ነበር። ለሌላው ሰው መከራ የነበረው ሰልፍ ለእኔ በረከት ሆነ። «ስኳር ገባ» ሲባል እናቴ ሳትልከኝ ካርዱን ይዤ እሮጣለሁ። ሰልፉ በረዘመ ቁጥር ደስታዬ ይረዝማል፤ እሷ ከፊቴ ወይም ከኋላዬ ቆማለችና። አንድ ቀን «ተራዬን ትጠብቅልኛለህ?» አለችኝና ዘንቢሏን እግሬ ሥር ጥላ ወደ ቤት ሮጠች። ከአንደበቷ የሰማሁት ረጅሙ ዓረፍተ ነገር ይኸው ነበር። እንግዲህ በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ነው የሁለት ገጽ ደብዳቤ የጻፍኩት።

ደብዳቤው አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። በሰፈራችን በአማርኛው የታወቀ አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርና ደጅ ጠንቼ አስተካከለልኝ። እሱ ካላለ ደብዳቤ አይሆንም ስላለኝ ጽጌረዳን ሦስት ጊዜ ጠራኋት። ጽጌረዳ በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። ከዚያ በዕረፍት ሰዓት ክፍሉ ባዶ ሲሆን ወረቀቱን አራት አጥፌ በጂኦግራፊ ደብተሯ መሐል ከተትኩት።

በጨዋታችን ላይ ታሪኩ የሚቆመው እዚህ ነው። «ከዚያማ ደብዳቤው ተያዘ፤ ሰው አለያየን» እላለሁ። ወዳጆቼ «ወይ ጊዜ!» ይላሉ። አንድ ሁለት ቢራ ይታዘዛል።

ያላወራሁት ይህን ነው።

እናቷ በልጅነታቸው ፊደል አልቆጠሩም ነበር። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ግን ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ተመዝግበው፣ ከሥራ መልስ እየሄዱ፣ ማንበብና መጻፍ ቻሉ። የምስክር ወረቀታቸውን ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ያወቁት እንዳይጠፋባቸውም ማታ ማታ የልጃቸውን ደብተር ይዘው ጮክ ብሎ ማንበብን ልማድ አደረጉ። እኔ ይህን አላውቅም። እንዲያውም ደብተሩን የመረጥኩት «እናቷ ማንበብ አይችሉም» ብዬ ተማምኜ ነው። የዚያን ዕለት ማታ ስለ ወንዞችና ስለ ተራሮች እያነበቡ ገጹን ሲገልጡ የእኔ ወረቀት ወደቀ። እሱንም እንደ ትምህርቱ ማንበብ ቀጠሉ። ፊደል በፊደል፣ ጮክ ብለው። አባትየው መደቡ ላይ ተቀምጠው ያዳምጣሉ። ሴትዮዋ ምን እያነበቡ እንደሆነ የገባቸው ገጹን ካጋመሱት በኋላ ነው።

ልጅቱ በዚያ ሌሊት ተገረፈች። ጩኸቷን ከቆርቆሮው አጥር ወዲህ ሆኜ ሰምቻለሁ። ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ተኛሁ። ትምህርት ቤት አልተመለሰችም። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና ሊደርስ የቀረው ሁለት ወር ነበር። ወደ ደብረ ብርሃን መስመር አክስቷ ዘንድ ላኳት፤ በተከታዩ ጥር ተዳረች።

የእኔስ ቅጣት? አባቴ ጆሮዬን ይዘው «አንተ ጉድ!» አሉኝ። ማታ ግን ከጎረቤት ጋር ጠላ ይዘው ሲጫወቱ «ልጄ ጎርምሷል» እያሉ ሲስቁ ሰማኋቸው። ፈተናውን ወሰድኩ፤ አለፍኩ፤ ዘጠነኛ ክፍል ገባሁ። ሂሳቡ እንግዲህ ይህ ነው፦ ደብዳቤው አንድ ነው፤ ለጻፈው ሳቅ፣ ለተጻፈላት አለንጋ።

ይህን ሁሉ በዝርዝር ያወቅሁት ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በእናቷ ለቅሶ ላይ ነው። ከአርባ ምናምን ዓመት በኋላ ድንኳን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። አራት ልጆች አሳድጋለች። የሆነውን አንድ በአንድ ነገረችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ቂም የለም፤ ይኸው ነው ይበልጥ ያሳፈረኝ። ከዚያም፣

«ለመሆኑ ያ ወረቀት ምን ይል ነበር?» አለችኝ።

የምትቀልድ መስሎኝ፣ «እንዴ! አላነበብሽውም?» አልኳት።

«የት አግኝቼ! እኔ ጓዳ እራት እያቀራረብኩ ነበር። አባዬ ከእማዬ እጅ ነጥቆ ምድጃ ውስጥ ከተተው። ምን እንዳጠፋሁ እንኳ ያወቅሁት በነጋታው ነው።»

ምን ይል እንደነበር ለማስታወስ ሞከርኩ። በየጨዋታው ቃል በቃል እደግመው የነበረው ደብዳቤ ጠፋኝ። «ስለ ጽጌረዳ ነበር» አልኳት። «ስለ ጽጌረዳ?» አለችና ሳቀች፤ ወዲያው ለቅሶ ቤት መሆናችን ትዝ ብሏት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ቆየት ብላ እንዲህ አለችኝ፦ «እማዬ እስክትሞት ድረስ ‹ምነው ፊደል ባልቆጠርኩ› እንዳለች ነው። እኔ ልጆቼን ሁሉ አስተምሬያለሁ። ደብተራቸውን ግን ነክቼ አላውቅም።»

እስቲ አንባቢ ይፍረደኝ። ያላነበበችው ደብዳቤ፣ ያልመለሰችው መልስ፣ ያላወቀችው ፍቅር። ይህን ነው እንግዲህ እኔ «የመጀመሪያ ፍቅሬ» እያልኩ ስተርክ የኖርኩት። በእርግጥ የእኔ ነበር፤ የእሷማ ምኗ ነው? እናቷም ቢሆኑ ማንበብ በመቻላቸው መጸጸት አልነበረባቸውም። ጥፋቱ የፊደሉ አይደለም። ጥፋቱ ወንድ ልጅ ሲጽፍ ጉርምስና፣ ሴት ልጅ ሲጻፍላት ነውር የሆነበት ቤት ነው፤ ያ ቤት ደግሞ የሁላችንም ነበር።

«ንጹሕ ፍቅር ነበር» የሚሉኝን አሁን ልጠይቅ። ንጽሕናው ከምን የመጣ ነው? ዓይኗን ለማየት ሁለት ዓመት የፈጀብን ፍቅራችን ስለጠለቀ ነውን? አይደለም። ከወንድ ጋር ቆማ ብትታይ የምትመታ ስለነበረች ነው። አንገቷን ስትደፋ «ጨዋ» አልናት፤ ስትሮጥ «ዓይን አፋር» አልናት። ፈርታ ይሆን ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። «እምቢ» ብላ ይሆን ብሎ የጠየቀማ ከናካቴው የለም። ከመሐላችን «እሺ» ወይም «አይሆንም» የሚል ግልጽ ቃል ከልጅቱ አፍ የሰማ ስንት ሰው አለ? ሌላው ወገን ያልተናገረበትን ነገር ፍቅር ብሎ መጥራት ለብቻ ተጫውቶ አሸነፍኩ እንደማለት ነው።

እንዲህ ስል አንዱ ወዳጄ ፈጥኖ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ይጠራብኛል። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን መጽሐፍ የእኔ ትውልድ ግማሹ አንብቦት፣ ግማሹ በሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ሰምቶት ነው ያደገው። «ያ ነው ፍቅር!» ይለኛል። እኔ ደግሞ እላለሁ፦ ወንድሜ፣ ርዕሱን ብቻ ነው እንዴ ያነበብከው? ሰብለ ወንጌል የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ በመሆኗ፣ ለዘሯ የሚመጥን ባል ጠፋ እየተባለ ዕድሜዋ በቤት የነጎደ ልጅ ናት። በዛብህ ሊያስተምራት የገባ የድኃ ልጅ ነው። ሁለቱ በመቃብር የተገናኙት ፍቅራቸው መቃብር ስላማረው ሳይሆን ያ ሥርዓት ከመቃብር በላይ አንድ ክንድ ቦታ ስለነፈጋቸው ነው። ደራሲው የጻፉት የክስ ማመልከቻ ነው፤ እኛ ግን ተከሳሹን ማወደሻ አደረግነው።

ሕጉንም እናንሣ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለጋብቻ ወንዱን አሥራ ስምንት፣ ሴቷን አሥራ አምስት ዓመት ይበቃታል ይል ነበር። ያች ልጅ ስትዳር አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበርና በዕድሜ በኩል ሕግ አልተጣሰባትም። ለሁለቱም አሥራ ስምንት የሆነው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ሲወጣ ነው። ከዚህ የባሰም አለ። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ልጅ ካገባት ክሱ ይቀርለት ነበር፤ ይህ የተሻረው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው። ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ «ፍቅር ንጹሕ ነበር» በምንለው ዘመን የጸና ሕግ ነው። አንዲት ልጅ ከመንገድ ተነጥቃ ሚስት የምትባልበትን ዘመን ነው በቀይ እስክሪብቶ በተሳለ ልብ የሸፈንነው።

«ታዲያ የዘንድሮው ይሻላል ልትለን ነው?» ትሉኝ ይሆናል። በአንድ ነገር፣ አዎን፣ ይሻላል። የእህቴ ልጅ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። አንድ ማታ እኔ ባለሁበት አንድ ልጅ በስልኳ መልእክት ላከላት። አነበበችው። ፈገግ አለች። «አይ፣ ጓደኛ ብቻ እንሁን» ብላ ጻፈችለትና ወደ ሂሳብ ደብተሯ ተመለሰች። ነገሩ በሁለት ደቂቃ አለቀ። ወዳጆቼ ቢያዩ «ለዛ የለውም» ይሉ ነበር። እኔ ግን እንባዬ መጣ። የተጻፈላትን ራሷ አነበበች፤ መልሱን ራሷ ሰጠች፤ በማግስቱም ትምህርት ቤት ሄደች። ለዚያች ለጎረቤቴ ልጅ ከዚህ በላይ ምን ተመኘሁላት?

ነገር ግን የዛሬውን አላጋንንም። የልጅቱ ፎቶግራፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር «ማነው ያሠራጨው?» ከማለት ይልቅ «እሷስ ለምን ተነሣችው?» የሚለው ይበዛል። ይህ አዲስ በሽታ አይደለም፤ ያው የእኛ ነው። መሣሪያው ተለወጠ እንጂ ከፋይዋ አልተለወጠችም። ድሮን የሚያሞግስ ሰው ይህን በሽታ ሊያክም አይችልም፤ ራሱ ተሸክሞት ይዞራልና።

ይህን ጽሑፍ በረቂቁ ያነበበች እህቴ፣ «ትዝታችንን ለምን ትነጥቀናለህ? እኛ ሴቶቹም እኮ ያንን ዘመን እንናፍቃለን» ብላ ተቆጣችኝ። ትናፍቅ፤ መብቷ ነው። እኔም እናፍቃለሁ። የስኳሩ ሰልፍ ዛሬም ይጣፍጠኛል። የማልቀበለው ግማሹን ብቻ እየተረኩ በሌላው ግማሽ መመጻደቅን ነው። ያች ልጅ በአንደበቷ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ተራዋን እንድጠብቅላት። በስኳሩ ሰልፍ ጠብቄላታለሁ። በፈተናው ሰልፍ ግን ወጥታ ስትቀር እኔ አልፌ ገባሁ። ዞሬም አላየሁ።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ አንዱ ወዳጃችሁ ጉሮሮውን ጠርጎ «የእኛ ዘመን ፍቅር...» ብሎ ሲጀምር አታቋርጡት። ደብዳቤውንም፣ አጥሩንም፣ ጽጌረዳውንም ያውራ። ሲጨርስ ግን አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠይቁልኝ፦ «ልጅቱስ ምን ሆነች?»

የሚያውቅ ከሆነ ታሪኩ የሚጀምረው ገና ከዚያ ነውና ቁጭ ብላችሁ አዳምጡት። የማያውቅ ከሆነ ግን ቢራውን ራሱ ይክፈል። ቢያንስ እሱን እንኳ።