ከቅጽሩ ማዶ ያለው ዛፍ የማን ነው?

የሃይማኖት ሶሲዮሎጂ አጥኚዎችን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲያከራክር የኖረ አንድ ጥያቄ አለ። እ.ኤ.አ. በ1967 አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ሊን ዋይት «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ባወጡት አጭር ጽሑፍ፣ ለተፈጥሮ መራቆት ሥሩ ሰውን በፍጥረት ሁሉ ላይ ገዥ አድርጎ የሾመው የምዕራቡ ክርስትና ነው ሲሉ ተከራከሩ። ምሥራቃዊውን ክርስትና ግን ከዚህ ክስ ለይተው አይተውታል። ከዚያ ወዲህ በርካታ ሶሲዮሎጂስቶች የሥራ ዘመናቸውን ሃይማኖት፣ ሥነ ምግባርና ለአካባቢ ያለን አመለካከት እንዴት እንደሚገናኙ በመመርመር አሳልፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 ኤክበርግና ብሎከር በአሜሪካ በተልሳ ከተማ ያካሄዱት ጥናት የዋይትን ክስ የሚደግፍ ውጤት አስገኘ። በ1993 ደግሞ ካህንም ሶሲዮሎጂስትም የነበሩት አንድሩ ግሪሊ ነገሩን እንደገና መርምረው፣ ልዩነቱን በአብዛኛው የፈጠረው እምነቱ ራሱ ሳይሆን አብሮት የሚጓዘው የፖለቲካና የሞራል ግትርነት ነው አሉ።

ይህ የፈረንጆች ክርክር እኛን ምን አገባን የሚል አንባቢ አይጠፋም። እኔ ግን እጅግ ያገባናል ባይ ነኝ። የዐባይን ሸለቆ ተሻግሮ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ የሚጓዝ ሰው ጥያቄውን በመሬቱ ላይ ተጽፎ ያገኘዋልና። ሜዳው የጤፍና የስንዴ እርሻ ነው፤ ከባሕር ዛፍ በቀር ሌላ ዛፍ እምብዛም አይታይበትም። አልፎ አልፎ ግን ጥቅጥቅ ያለ አገር በቀል ደን ብቅ ይላል፤ በመካከሉም የቤተ ክርስቲያን ጉልላት አለ። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በጎረቤት ደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ባካሄዱት ጥናት 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያዎችን መዝግበዋል።

እኛ የምሥራቁ ወገን ነን፣ የዋይት ክስ አይመለከተንም ብሎ መኩራራት ይቻል ይሆናል። ደኑ ምስክር ነው። ነገር ግን በዙሪያው ያለው ገላጣ ሜዳስ የማን ምስክር ነው? በቅጽሩ ውስጥ ያለውን ወይራ መንካት ድፍረት የሚመስለውና ከቅጽሩ ውጭ ያለውን ወይራ ለማገዶ የሚቆርጠው ያው አንድ ምእመን ነው። ጾሙም፣ ጸሎቱም፣ የንስሐ አባቱም አልተለወጡም። የተለወጠው የቆመበት ቦታ ነው። ስለዚህ «ሃይማኖተኛ ሰው ለተፈጥሮ ይቆረቆራል ወይስ አይቆረቆርም?» የሚል መጠይቅ በጎጃም ምድር ብዙ አያስተምረንም። መጠየቅ ያለበት የኃላፊነት ስሜቱ የት ላይ ያበቃል፣ ለምንስ እዚያ ላይ ያበቃል የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ ፍንጭ የሚሰጡን ጎጃም ውስጥ ተቀምጠው ያጠኑ ሁለት አንትሮፖሎጂስቶች ናቸው። የመጀመሪያው ቶም ቦይልስተን በጣና ዳር ዘጌ ያካሄዱትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 በመጽሐፍ አሳትመዋል። በዘጌ ትውፊት መሠረት አቡነ በትረ ማርያም በተቀበሉት ቃል ኪዳን ምድሪቱ አትታረስም። ሕዝቡም በሬ ሳይጠምድ ቡናና ጌሾ እያለማ ከደኑ ጋር ኖሯል። እዚያ ቅድስናው ከገዳማቱ አጥር አልፎ ባሕረ ገብ መሬቱን ሸፍኗል፤ ቡናውም ጥላ ስለሚፈልግ ቃል ኪዳኑና እንጀራው በአንድ ዛፍ ሥር ተገናኝተዋል።

ሁለተኛው አለን ሆበን ናቸው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በደጋ ዳሞት ተቀምጠው፣ ገበሬው ከአቅኚ አባቱ ትውልድ እየቆጠረ ርስት የሚጠይቅበትን ሥርዓት አጠኑ፤ መጽሐፋቸውም እ.ኤ.አ. በ1973 ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ጽሑፍ ደግሞ ከ1977ቱ ረሀብ በኋላ ደርግና ለጋሾች በምግብ ለሥራ ያካሄዱትን የእርከንና የችግኝ ዘመቻ፣ ያለ በቂ ማስረጃ በጥድፊያ የተጫነ ሲሉ ተችተዋል። የደርግ ክንድ ሲዝል በየቦታው ገበሬው በዘመቻ የተተከለውን ደን ጨፈጨፈ። ዛፍ ጠልቶ አይመስለኝም፤ የመንግሥት ዛፍ ስለነበረ እንጂ።

የየካቲት 1967ቱ አዋጅ መሬቱን የመንግሥት አደረገው። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተካሄደው ድልድል ደግሞ «ቢሮክራት» የተባለ ገበሬ ማሳው ተቆርሶ ለሌላ ተሰጠ። ይህን ያየ ሰው ለልጅ ልጁ የሚደርስ ጽድ ይተክላል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። የሚተክለው በጥቂት ዓመታት ደርሶ የሚሸጠውን ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ገበሬው በነገው ላይ ያለውን እምነት ልክ ይነግረናል። የመሬት ማረጋገጫ ደብተር ከተሰጠ ወዲህ መጠነኛ መተማመን መጥቷል። በአዊ ፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬው ዲከረንስ የተባለውን ግራር በገዛ ማሳው እየተከለ ከሰል አክስሎ ሸጧል። ያንን ያደረገው ጥቅሙ የእርሱ መሆኑን ስላወቀ ነው።

ታዲያ መንግሥት ከዚህ ምን ተማረ? ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ታወጀ። ቁጥሩ ተነገረን፤ የዛፉ ባለቤት ማን እንደሆነ ግን ማንም አልጠየቀም።

ቤተ ክህነትም ከወቀሳ አታመልጥም። ሪምና ሰሞን የተባሉ መሬቶቿን በ1967 ዓ.ም. ካጣች ወዲህ ትኩረቷ በቅጽሩ ተወስኗል፤ በየአጥቢያው ባሕር ዛፉ ለገቢ ሲባል ቅጽሩ ውስጥ ሳይቀር ገብቷል። ግዝት የሚያስፈራው ሕዝብ ዛሬም አለ፤ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚረዝመውና የብዙ የዐባይ ገባሮች መነሻ የሆነው ጮቄ እስከ ወገቡ በላይ ሲታረስ ግን የካህኑ ድምፅ እምብዛም አይሰማም። ጮቄ ላይ ቅጽር የለማ!

ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ወጣት ሶሲዮሎጂስቶች የምጠብቀው ለመመረቂያ የሚሞላ መጠይቅ አይደለም፤ ሆበን ለርስት እንዳደረጉት ከገበሬውና ከካህኑ ጋር ለዓመታት መቀመጥ ነው። በ2015 ዓ.ም. በክልሉ የተቀሰቀሰው ጦርነት ይህን እጅግ አክብዶታል። ነገር ግን የአጥቢያውን ደን ማን እንደተከለና በምን ቃል እንደተጠበቀ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ሰላም እስኪወርድ አይጠብቁንም። እነርሱ ሲያልፉ የሚቀረን ዛፉ ብቻ ይሆናል፤ ያቆየው ቃል ሲጠፋ ደግሞ ዛፉም ብዙ አይቆይም።