ሯጮቻችንን ስንተኛ ክፍል እንደሆኑ ጠይቁልን

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፤

የሮም ኦሎምፒክ በተነሳ ቁጥር በባዶ እግሩ ማራቶን ያሸነፈውን አበበ ቢቂላን ትዘክራላችሁ። ይገባዋል። እኔ ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን አበበ ከማሸነፉ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ በዚያው ከተማ ሦስተኛ ወርቋን ስላጠለቀች ሴት ነው።

ዊልማ ሩዶልፍ በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት፣ 22 ልጆች በነበሩበት ቤተሰብ 20ኛ ሆና ተወለደች። በሕፃንነቷ ልምሻ መታትና ግራ እግሯ ደከመ። ጥቁሮችን የሚቀበል ሐኪም ቤት ያለው ናሽቪል ስለነበር እናቷ 80 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ አመላለሰቻት፤ ቤት ውስጥ ደግሞ ወንድም እህቶቿ በየተራ እግሯን ያሹላት ነበር። በብረት ድጋፍ ትራመድ የነበረችው ልጅ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ፣ በ16 ዓመቷ፣ በዱላ ቅብብል ነሐስ አገኘች። በ1960 ሮም ላይ 100 ሜትሩንም፣ 200 ሜትሩንም፣ ዱላ ቅብብሉንም አሸነፈች።

ብዙ ጊዜ ታሪኳ እዚህ ላይ ይቆማል። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር ከዚህ ይጀምራል። ያደገችባት ክላርክስቪል ነጭና ጥቁር ለየብቻ የሚቀመጥበት አቀባበል ልታደርግላት ስትል፣ እንዲህ ከሆነ አልገኝም አለች። የ20 ዓመት ልጅ ናት! ሰልፉም ግብዣውም የጋራ ሆነ፤ በከተማዋ ታሪክ የመጀመሪያው ነበር። በ22 ዓመቷ ሩጫ አቆመች። በ1963 በመምህርነት ተመርቃ ራሷ በተማረችበት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍል አስተማረች፤ ሯጮችንም አሠለጠነች። በ1981 በስሟ ያቋቋመችው ድርጅት ልጆችን ስፖርትና ትምህርት አንድ ላይ የሚያስይዝ ነበር። በ1994 በ54 ዓመቷ አረፈች።

ሩጫንና ትምህርትን አብራ ማስኬዷ በዕድል የመጣ አይደለም። አሠልጣኟ ኤድ ቴምፕል ትምህርትን ከልምምድ የማያሳንስ ሰው ነበር። ለኦሎምፒክ ካበቃቸው 40 ሯጮች 39ኙ ዲግሪ ይዘዋል።

እኛም ምሳሌ አላጣንም። ዊልማ ነሐስ ባገኘችበት በዚያው ሜልቦርን ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሳተፍ ንጉሤ ሮባ 100 ሜትር ሮጦ በማጣሪያው ቀረ። በሜዳሊያ ብቻ ከቆጠርን ስሙን ማንሳት አይገባንም ነበር። እሱ ግን የአሠልጣኝነት ሙያ ተምሮ ተመለሰ፤ ምሩፅ ይፍጠር በ1980 ሞስኮ ላይ 5 ሺህና 10 ሺህ ሜትሩን ሲያሸንፍ አሠልጣኙ እሱ ነበር።

ለ31 ዓመት የስፖርት መምህር ነበርኩ። ፈጣን ተማሪ ሲገኝ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ከስምንተኛ ክፍል ይወጣል፣ ካምፕ ይገባል፣ ደብተሩ እዚያው ይቀራል። ከተማሪዎቼ አንዱ በ19 ዓመቱ ቁርጭምጭሚቱ ተጎድቶ ተመለሰ። የማታ ትምህርት ሊጀምር የመመዝገቢያውን ቅጽ አብረን ስንሞላ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሲሮጥ ካጨበጨብንለት ሰዎች ያን ቀን ከእኔ በቀር ማንም አጠገቡ አልነበረም። እኔም ከአጨብጫቢዎቹ አንዱ ነበርኩና ዛሬም ያሳዝነኛል።

ሩጫ ለትምህርት ጊዜ አይሰጥም የሚሉ አሠልጣኞች አሉ። ልምምዱ አድካሚ መሆኑን አልክድም። ሆኖም በቀን ሁለት ጊዜ የሚያሮጥ ክለብ ማታ ሁለት ሰዓት የሚያስተምር መምህር መቅጠር አያቅተውም። ልጁን ሲያስፈርሙ ትምህርቱን በውሉ ውስጥ ያስገቡለት።

ከእናንተ የምለምነው ቀላል ነው። ከእንግዲህ አንድ ወጣት ሯጭ ስታነጋግሩ ሰዓቱን ከጠየቃችሁ በኋላ ስንተኛ ክፍል እንደሆነም ጠይቁት፤ መልሱንም ሳትቆርጡ አትሙልን።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣሁ የስፖርት መምህር