በሞልድ ቅባት መቆጠብ አያዋጣም

በ1860 ዓ.ም. መቅደላ የደረሰው የአፄ ቴዎድሮስ «ሴባስቶፖል» መድፍ የተሠራው ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ ነው። ነሐስም ይሁን ሬዚን፣ አፍስሶ ቅርጽ የሚያወጣ ሁሉ ትርፉም ኪሳራውም ያለው ሞልዱ ላይ ነው።

ዛሬ አንበሳሜ ላይ የሬዚን ጌጣጌጥ ለማምረት የሚያስብ ባለሀብት በርካሽነቱ የጄሶ ሞልድ ሊመርጥ ይችላል። ጄሶ ግን ሬዚን ይመጣል፤ ሁለቱ ከተጣበቁ የሚያላቅቃቸው መዶሻ ብቻ ነው። ስለዚህ ጄሶው በሚገባ ደርቆ፣ ሬዚኑ በማያሟሟው ቨርኒሽ ተደፍኖ፣ ከዚያ ሰም ሊቀባ ይገባል።

የማር ሰም በቅርብ ቢገኝም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። ወፍራም ሬዚን ሲጠጥር የሚያወጣው ሙቀት ከዚያ ሊያልፍ ይችላል። የካርናውባ ሰም ከ80 ዲግሪ በላይ ይችላል። ባለሀብቱ ዋጋውን በቆርቆሮ ሳይሆን ሞልዱ በሚያወጣው ዕቃ ብዛት ያስላው።