«ኤኮ ጨምርበት!»

መቱ ውስጥ ሠርግ ካለ ሞንታርቦ አለ። ሞንታርቦ ካለ ከሚክሰሩ ኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ አለ። ዘፋኙ በየሁለት ዘፈኑ ወደ ልጁ ዞሮ «ኤኮ ጨምርበት!» ይለዋል፤ ልጁም ቁልፉን ያዞራል። ድምፁ ራሱን መከተል ይጀምራል፤ የኋለኛው ቃል የፊተኛውን ተረከዝ ይረግጣል፤ ግጥሙ ይጠፋና ድንኳኑን የሚያርገበግብ ጉርምርምታ ብቻ ይቀራል። ሚዜዎች ይጨፍራሉ፣ እናቶች እልል ይላሉ። «ኧረ ይሄ ሙዚቃ አይደለም!» ብሎ የተነሳ ሰው እስካሁን አላየሁም።

እሺ፣ አሁን ዘፋኙን ከመድረኩ አውርዱት። ልጁ፣ ሚክሰሩ፣ ኤኮውና ሞንታርቦው ይቅሩ። ልጁ ቁልፉን እያዞረ ሃያ ደቂቃ ብቻውን ይጫወት። ምን ይባላል? «ለየለት» ይባላል። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አንድ አጎት መጥቶ ሶኬቱን ይነቅላል።

ድምፁ ያው ነው፤ ማሽኑም ያው ነው። ጫጫታው በሙሽራ ወይም በዘፋኝ ስም ተሸፍኖ ሲመጣ እንወደዋለን። ራሱን ችሎ «እኔ ጫጫታ ነኝ» ሲል ግን እንቆጣለን። ይሄንን የሙዚቃ ጆሮ የሚሉት አሉ። እኔ ይሉኝታ ነው የምለው።

የኖይዝ ሙዚቃ ስም በተነሳ ቁጥር የሚመጡት ክርክሮች ሦስት ናቸው፦ የፈረንጅ ነው፣ ሙያ የለውም፣ ለኛ አገር ቅንጦት ነው። ሦስቱም አይቆሙም። ሦስተኛው ግን ከፊሉ እውነት ስላለበት ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ስለ መሣሪያው ላውራ፣ ምክንያቱም ስድቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። የጃፓኑ ኮርግ ኩባንያ በ1999 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ካኦስ ፓድ የሚባል ሣጥን አወጣ። ስሙ ትርምስ ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ጋር የሚጫወት ነው። ላዩ ላይ በጣት የሚነካ ሰሌዳ አለው። በአንድ በኩል ድምፅ ታስገባላችሁ፦ ማይክ፣ ስልክ፣ ኪቦርድ፣ ያገኛችሁትን። ከዚያ ጣታችሁን ሰሌዳው ላይ ታሳርፋላችሁ። ወደ ጎን ስትሄዱ አንድ ነገር ይለወጣል፣ ወደ ላይና ወደ ታች ስትሄዱ ሌላ ነገር ይለወጣል፤ ለምሳሌ አንዱ የኤኮውን ፍጥነት፣ ሌላው መጠኑን። ጣታችሁን ስታነሱ ድምፁ ወደ ነበረበት ይመለሳል። በቃ፣ ይሄው ነው። ሬዲዮሄድ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ በ2000 «ኪድ ኤ» የሚለውን አልበም ካወጣ በኋላ፣ መድረክ ላይ ጆኒ ግሪንውድ የቶም ዮርክን ድምፅ ገና ከአፉ እየወጣ እያለ በዚህ ሣጥን ይቆራርጠውና ይበትነው ነበር። የኖይዝ ሰዎች ደግሞ ዘፋኙን ጭራሽ ተዉትና ሣጥኑን ብቻውን መጫወት ጀመሩ።

«ሙያ የለውም» የሚለው ክርክር እዚህ ጋ ይመጣል። ጣት ማንቀሳቀስ ብቻ ነው ይላሉ። መሰንቆስ ምንድነው? አንድ አውታር። ጣት የት እንደሚያርፍ የሚነግር ምልክት የለውም፤ አዝማሪው አውታሩን እስከ እንጨቱ አይጫነውም፣ ይነካዋል እንጂ። ጣቱ በፀጉር ስፋት ከተንሸራተተ ድምፁ ሌላ ነው። ካኦስ ፓድም እንደዚያው ነው፦ ምልክት የለውም፣ ጣት ራሱ ቦታውን መፈለግ አለበት። ከአምስት ደቂቃ በላይ የተጫወተበት ሰው ያውቃል፤ ማንም ድምፅ ማውጣት ይችላል፣ ያንኑ ድምፅ ሁለተኛ ማግኘት ግን ልምምድ ነው። መሰንቆንም ቢሆን ማንም ማስጮህ ይችላል።

የፈረንጅ ነው ወደሚለው እንሂድ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም ታሪኩን የምናውቀው ጥቂቶች ነን።

በ1944 ሐሊም ኤል ዳብ የሚባል የሃያ ሦስት ዓመት ግብፃዊ ካይሮ ውስጥ ከአንድ ሬዲዮ ጣቢያ መቅጃ ተዋሰ። ቴፕ ገና አልተለመደም፤ መቅጃው ድምፅ የሚይዘው በቀጭን ሽቦ ላይ ነበር። ይዞት የሄደው ወደ ዛር ሥነ ሥርዓት ነው። አዎ፣ እኛ የምናውቀው ዛር። ብዙ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ ተነስቶ በሱዳን አድርጎ ግብፅ እንደገባ ይናገራሉ። የካይሮው ዛር የሴቶች ስለነበር ኤል ዳብ ከጓደኛው ጋር ተከናንቦ ነው የገባው። የቀዳውን ይዞ ስቱዲዮ ተመለሰና ማሽኑ ላይ ይሠራበት ጀመር፦ ኤኮ ጨመረበት፣ የክፍሉን ግድግዳዎች እያንቀሳቀሰ ድምፁን ቀየረው፣ ወፍራሙን ዋና ድምፅ አጥፍቶ ከላይ የሚንሳፈፈውን ቀጭን ሽታውን ብቻ አስቀረ። ሴቶቹ ምን እንደሚሉ አይሰማም። የሚሰማው ከነሱ የተረፈው ነገር ነው። ሥራውን በዚያው ዓመት ካይሮ ውስጥ ለሕዝብ አሰማ። የፈረንሳዩ ፒየር ሼፈር የባቡር ድምፅ ቆራርጦ በመጻሕፍት «የመጀመሪያው» የተባለለትን ሥራ ያቀረበው ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1948 ነው።

እንግዲህ ፈረንጅ የቱ ጋ ነው? በማሽን የተለወጠ የተቀዳ ድምፅን ሙዚቃ ነው ብለው ካቀረቡት ሥራዎች ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ የተሠራው በዛር ላይ ነው።

ታሪኩ በዚህ አያበቃም። ኤል ዳብ ኒውዮርክ በሚገኘው የኮሎምቢያ-ፕሪንስተን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ከሠራ በኋላ በ1962 አዲስ አበባ መጣ፤ እስከ 1964 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ፤ ክራር፣ መሰንቆ፣ ዋሽንት፣ በገና የሚጫወቱ ሰዎችን ከየብሔረሰቡ አሰባስቦ በአንድ መድረክ አስቀመጠ። ትልቅ ሥራ ነው፣ አላጣጥለውም። ነገር ግን አስቡት፦ ከኛው ዛር ጫጫታ ሙዚቃ ያወጣ ሰው መሐላችን ሁለት ዓመት ኖረ፤ እኛ ከሱ የወረስነው መድረኩን ነው። ወንበር ላይ በሥርዓት የተደረደረው፣ ለእንግዳ የሚቀርበው ባህላዊ ሙዚቃ በየባህል ማዕከሉ ቀጠለ። ሽቦው ግን ተረሳ። ኤል ዳብ በ2017 በዘጠና ስድስት ዓመቱ ሲያርፍ፣ ስሙን የሚያነሳው ካነሳው የኦርኬስትራው መሥራች እያለ ነው።

ሽቦውን ያስታወሱ ወጣቶች አልጠፉም ማለት ይቻላል። እንደገና ሙሉ ሥራውን «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» እያለ ይጠራዋል። ሚካኤል ሰይፉ በ2016 ኒውዮርክ ካለ አሳታሚ «ዘላለም»ን አወጣ። እነሱ የባህል መሣሪያውን ድምፅ አልፈሩትም፤ ይሰብሩታል፣ ያጥፉታል፣ ማሽን ውስጥ ይከቱታል። ከነሱ ኋላ የመጣው ብዙው ግን ምን አደረገ? አራት በአራት ምት ላይ የዋሽንት ቁራጭ እንደ ቅቤ ጣል አደረገበትና «ፊውዥን» አለው። ይሄ ያው የሠርጉ ኤኮ ነው። ማሽኑ አለ፣ ግን እንዳይታወቅበት አንገቱን ደፍቶ ነው።

ይሉኝታውን ይበልጥ የሚያስቀው ደግሞ የራሳችን መሣሪያ ነው። በገናን እናክብረው ስንል የምናከብረው ነዝናዛ ድምፁን መሆኑን እንረሳለን። በእያንዳንዱ አውታርና በብርኩማው መካከል እንዚራ የምትባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች። ሥራዋ አንድ ነው፦ አውታሩ ንጹሕ ድምፅ እንዳይሰጥ መከልከል። አውታሩ ቆዳዋን እየነካ ይንዘዘዛል። በገና ደርዳሪ እያንዳንዱን እንዚራ በፀጉር መጠን እየገፋና እየሳበ ነው ትክክለኛውን ንዝረት የሚያገኘው። የዛሬ ልጆች ዲስቶርሽን የሚሉትን ነገር አባቶቻችን በቆዳ ሠሩት፤ ለዚያውም ለጸሎት። ቡሄ ሲደርስ የሚጮኸውን ጅራፍ ደግሞ ጨምሩበት። ያ ዜማ አለው? የለውም። «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል» የሚለው ተረት ሳይታወቅ ፊድባክን በትክክል የገለጸ ነው፦ ከሞንታርቦው የወጣው ማይኩ ውስጥ ተመልሶ ይገባል፣ እንደገና ይወጣል፣ እንደገና ይገባል።

አሁን ለምን መቱ እንዳልኩ ልናገር። አዲስ አበባ እኮ አለች፣ እዚያ ይሁን የሚሉኝ አሉ።

ስለ ኢሉባቦር የተሠራ ማስታወቂያ ቪዲዮ አይታችኋል። ሁሉም አንድ ነው፦ ድሮን ከደኑ በላይ ይንሳፈፋል፣ ከታች አረንጓዴ፣ ከኋላ ለስለስ ያለ ዋሽንት። በ2010 ዩኔስኮ የመዘገበው የያዮ ደን፣ የሶር ፏፏቴ፣ የቡና ፍሬ የያዘ እጅ። በዚህ ቪዲዮ ውስጥ አንድም የአካባቢው ድምፅ የለም። ሶር እንኳን፣ መቶ ሜትር ገደማ የሚወረወር ውሃ፣ ድምፁ ተቀንሶ ዋሽንት ይደረብበታል! አጠገቡ የቆመ ሰው ከጎኑ ያለውን ሰው ማናገር ያቅተዋል፤ ቪዲዮው ላይ ግን ሶር ዝም ብሎ የሚወርድ ነጭ ጨርቅ ነው።

የምከራከረው ለዚህ ነው። ኢሉባቦርን ጸጥ ያለች አድርጎ የሚያሳይ ሰው፣ እዚያ የሚኖረውን ሰውም ዝም አሰኝቶታል። አገሩ ሥዕል ሆኗል፤ ሰዉ ደግሞ የሥዕሉ ጀርባ። እውነተኛው ኢሉባቦር ግን ጫጫታ ነው። ቡና ሲደርስ ጀንፈሉን የሚፈጭ መቀሸሪያ አለ። ዳገት ላይ የሚያቃስት ባጃጅ አለ። መብራት ሲሄድ ከየሱቁ በር ላይ የሚነሳ ጄኔሬተር አለ፤ መብራት ሲመጣ ደግሞ ከየቤቱ የሚነሳ ጩኸት አለ። ከሁሉም በላይ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ አለ። ጎሬና መቱ ከአገሪቱ በጣም ዝናባማ ከሚባሉት ከተሞች ናቸው። (በደሌ ዛሬ በአስተዳደር የቡኖ በደሌ ዞን ናት። ዝናቡ ግን ዞን አያውቅም።) ክረምት ላይ አስተማሪ ጠመኔውን አስቀምጦ ዝናቡ እስኪያልፍ የሚጠብቅበት ክፍል የተማረ ሁሉ የማወራውን ያውቃል።

በድምፅ ሙያ ሲታይ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ከባድ ዝናብ ማለት ከወፍራም እስከ ቀጭን ያሉ ድምፆች በአንድ ላይ ሲመጡ ማለት ነው። ለፊልተር ከዚህ የተሻለ ጥሬ ዕቃ የለም። የአንድ ደቂቃ ዝናብ በስልክ ቅዱና ካኦስ ፓድ ውስጥ አስገቡት፤ ቀጭኑን ድምፅ የሚቆርጠውን ፊልተር ምረጡ። ጣት ወደ ግራ ሲሄድ ቀጭኑ ይቆረጣል፣ የሚቀረው ከሩቅ የሚሰማ ሶር ነው። ወደ ቀኝ ሲመጣ ምጣድ ላይ የሚንጣጣ ቡና ይሆናል። ወደ ላይ ሲገፋ ፊልተሩ ራሱ ማፏጨት ይጀምራል፤ ከዝናቡ ውስጥ ማንም ያልዘፈነው ዜማ ይወጣል። ይሄንን ከበርሊን የመጣ ሰው መሥራት ይችላል። ግን የትኛው ዝናብ ትምህርት እንደሚያስቆምና የትኛው እንደማያስቆም በጆሮው የሚያውቅ የመቱ ልጅ ነው። ዛሬ አንዱ መቅጃ ይዞ መጥቶ ይሄን ሁሉ ቀድቶ ቢሄድ፣ በሌላ አገር የሚሸጥ «የቡና መገኛ ድምፆች» ይሆናል፤ የቀዳበት ሰፈር ልጆች ደግሞ በፍላሽ ያስጭኑታል።

ቅንጦት ነው ለሚለው፣ እውነቱን ልንገራችሁ፦ ሣጥኑ ውድ ነው። እዚህ አገር ሱቅ ገብቶ የሚገዛ አይደለም፣ ከውጭ የሚያመጣ ዘመድ ይፈልጋል። ትንሹ ዓይነት በባትሪ ድንጋይ መሥራቱ ለኛ ትልቅ ነገር ነው፤ ዋጋውን ግን አይቀንሰውም። ነገር ግን ካኦስ ፓድን ካኦስ ፓድ ያደረገው ጣት የሚነካው ሰሌዳ ነው፤ እሱ ደግሞ በየኪሳችሁ አለ። ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ አፕሊኬሽኖች ተራ ስልክ ላይ ይጫናሉ። ርካሽ ስልክ ላይ ጣትና ድምፅ ትንሽ ይዘገያዩ ይሆናል፤ ለሠርግ ኪቦርድ ይሄ ችግር ነው፣ ለኖይዝ ግን መዘግየቱም መሣሪያ ነው።

ስልክም ከሌለ የሠርጉ ሚክሰር አለ። ዋናውን ድምፅ እስከ ታች ዝቅ አድርጉት፤ ይሄን ካልሠራችሁ ሞንታርቦውም ጆሯችሁም ይሄዳል፣ ሞንታርቦው ደግሞ የሰው ነው። ከዚያ ወደ ኤኮ ከሚልከው መውጫ በገመድ ወደ አንዱ የማይክ መግቢያ መልሱት። ማይክ የለም፣ ዘፋኝ የለም፣ ምንም አልገባም። ቀስ እያላችሁ ከፍ አድርጉት። መጀመሪያ ትንኝ የመሰለ ነገር ይሰማል፣ ቀጥሎ ፉጨት፣ ቀጥሎ የመቀሸሪያ ማሽን። ቁልፎቹን በትንሹ ንኩ። ጃፓናዊው ቶሺማሩ ናካሙራ በዚህ መንገድ ብቻ ለዓመታት ሲጫወት ኖሯል። የሱን ሥራ እንድትደግሙ አይደለም የምነግራችሁ፤ የቶኪዮ ጫጫታ ለቶኪዮ ይበቃል። የመቱ ሚክሰር፣ ሦስት ክረምት የሠርግ አቧራ የጠጣ፣ ሁለት ቁልፉ የሚንኳኳ፣ ናካሙራ ጋ የሌለ ድምፅ አለው።

የሚቀጥለው ሠርግ ላይ ምሳ ሲበላ ሚክሰሩ ጋ ማንም አይኖርም። አጎትየው ሶኬቱ ጋ እስኪደርስ አራት ደቂቃ ገደማ አላችሁ።