ዝሆንና አይጥ እኩል የሚሆኑበት መስኮት

ኮምፒውተር ወደ አጸደ ሕፃናት ሲገባ ከሚቀድሙት ትምህርቶች አንዱ የዱር እንስሳት ትምህርት ነው። ሕፃኑ ሥዕሉን ይነካል፤ ማሽኑ ስሙን ይጠራል፤ ድምፁንም ያሰማል። መካነ አራዊት በሌለበት እንደ ቴፒ ባለ ከተማ ይህ ትልቅ ጸጋ መሆኑን አልክድም። ጥያቄዬ፣ ሕፃኑ በዚህ መንገድ ያወቀው እንስሳውን ነው ወይስ ስሙን? የሚል ነው።

በአገራችን የተካሄደ አንድ ሙከራ ጉዳዩን ግልጽ ያደርገዋል። «ለእያንዳንዱ ሕፃን አንድ ላፕቶፕ» የተሰኘው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ማንበብ ለማያውቁ ሕፃናት በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶችን ያለ መምህር ሰጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ውጤቱ ይፋ ሲሆን፣ የእንስሳት ሥዕል ባለበት የፊደል ጨዋታ የተለማመደ አንድ ልጅ የመሳያ ፕሮግራም ከፍቶ «ላየን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል እንደ ጻፈ ተነገረ። ያለ አስተማሪ እዚህ መድረሱ የሚደነቅ ነው። ሆኖም ልጁ ቃሉን እንጂ አንበሳን ተማረ ለማለት አያስደፍርም።

በዚያው ዓመት ተመራማሪዎች በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ የአንበሳ ግቢ ይኖሩ የነበሩ 15 አንበሶችን ዘረ መል መርምረው፣ በንጽጽሩ ከተካተቱት ሌሎች አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን አሳወቁ። ከውጭ የመጣ ፕሮግራም ግን «አንበሳ» ብሎ አንድ ሥዕል ያቀርባል፤ የእኛውን ባለ ጥቁር ጎፈር አያውቀውም።

እንደ ፊዚክስ መምህርነቴ ይበልጥ የሚያሳስበኝ የልኬት ጉዳይ ነው። በስክሪን ላይ ዝሆንም አይጥም አንድ ስንዝር ናቸው። የጎልማሳ ወንድ ዝሆን ቁመት እስከ ትከሻው 3 ሜትር ያህል መሆኑን ሥዕሉ አይናገርም። ዝሆኖች በሩቅ ከሚግባቡበት ድምፅ ከፊሉ ከ20 ኸርዝ በታች ስለሆነ የሰው ጆሮ አይሰማውም፤ የኮምፒውተሩ ትንሽ ድምፅ ማጉያም አያወጣውም። ማሽኑ «የዝሆን ድምፅ» ብሎ የሚያሰማው ቁንጽሉን ነው።

ታዲያ ኮምፒውተሩ ይወገድ ማለቴ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉ ይስተካከል ነው የምለው። በቴፒ ዙሪያ ባለው ደን ጉሬዛ አለ። መምህሩ ሕፃናቱን አስቀድሞ ወደ ጉሬዛው ይውሰዳቸው። ጉሬዛ አውራ ጣት እንደሌለው፣ ቅጠል እንደሚበላ፣ ወንዱ ማለዳ ሲጮኽ ድምፁ በደኑ ውስጥ ሩቅ እንደሚሄድ ይመልከቱ፤ ያዳምጡ። ስሙንም በሸካ፣ በሸኮ፣ በመዠንግርና በሌሎች የአካባቢው ቋንቋዎች ከየወላጆቻቸው ጠይቀው ይምጡ። ኮምፒውተሩ ከዚህ በኋላ ይከፈት። በስልክ የተቀዳውን ድምፅ ሞገድ ይይ፤ ከአንበሳው ግሳት ጋር ያነጻጽሩት። ቀጭኔ በስክሪኑ ሲመጣም 5 ሜትር ገመድ በሜዳው ላይ ይዘርጉ፤ ቁመቷን በእግራቸው ይለኩ። ይህን ሁሉ ለማድረግ አንድ ስልክ፣ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ገመድ ይበቃል።

ነገሩ ቀላል አይደለም። የሸካ ደን እ.ኤ.አ. በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ክልል ሆኖ ቢመዘገብም፣ ዘላቂ ጠባቂዎቹ ዛሬ ሕፃናት የሆኑት ናቸው። ፔንግዊንን በስም እየጠራ በጓሮው ያለውን ጉሬዛ የማያውቅ ትውልድ ደኑ ሲመነጠር ምን እንደጠፋበት አይገባውም።

ውድ ተማሪዎች፣ ከመካከላችሁ ፕሮግራም መጻፍ የምትችሉ አላችሁ። የመጀመሪያው ገጹ በጉሬዛ የሚከፈት፣ የእንስሳውን ቁመት ከሕፃኑ ቁመት ጋር ጎን ለጎን የሚያሳይ፣ በአካባቢው ቋንቋዎች የሚናገር ፕሮግራም ከእናንተ ይጠበቃል። ሌላ አገር ያለ ሰው ይህን አይሠራልንም፤ ጉሬዛውን የምትሰሙት እናንተ ናችሁና።