የስኳር በሽታን በጀመዓ መቋቋም

 

«ስኳር አለብህ» የተባለ ሰው ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚያደርገው ነገር መደበቅ ነው። አባት ልጆቹ እንዳይደነግጡ፣ እናት ጎረቤት እንዳያዝንላት ብለው መድኃኒቱን ይሸሽጋሉ። ሠርግ ላይ የቀረበላቸውን ለስላሳ እምቢ ካሉ ምክንያቱን መናገር ሊኖርባቸው ነውና ዝም ብለው ይጠጣሉ። እንዲህ ያለው ምስጢር ሕመምን ያባብሳል።

ዓይነት ሁለት የስኳር በሽታ የሚመጣው ሰውነት ኢንሱሊንን በአግባቡ መጠቀም ሲያቅተውና ቆሽትም በቂ ማመንጨት ሲሳነው ነው። የሕክምናው ትልቁ ክፍል ያለው በታማሚው እጅ ነው። ሐኪሙ በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ ቢያየው ነው፤ በቀሩት ቀናት ምን እንደሚበላ፣ ምን ያህል እንደሚራመድ፣ ክኒኑን መዋጥ አለመዋጡን የሚወስነው ራሱ ነው። ሕመም ስለማይሰማው «ድኛለሁ» ብሎ መድኃኒቱን ያቆማል፤ ስኳሩ ግን ድምፅ ሳያሰማ ዓይንን፣ ኩላሊትንና የእግር ነርቭን ይጎዳል።

በእንግሊዝ አገር በሽታው አዲስ ለተነገራቸው ሰዎች በቡድን የስድስት ሰዓት ትምህርት የሚሰጥ «ዴዝመንድ» የተባለ ፕሮግራም አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 ስለዚሁ በወጣ ጥናት 824 ሰዎች ተካፍለው ነበር። በቡድን የተማሩት ከዓመት በኋላ ካልተማሩት ይልቅ ክብደታቸው ቀንሶ፣ ማጨስ የተዉትም በርክተው፣ ስለ በሽታቸው ያላቸው ግንዛቤም ተሻሽሎ ተገኘ፤ በደም ስኳር በኩል ግን የጎላ ልዩነት አልታየም። ከሦስት ዓመት በኋላ የክብደቱና የማጨሱ ብልጫ አልዘለቀም፤ የጸናው የግንዛቤው ለውጥ ነበር። እንግዲህ አንድ ቀን ተሰብስቦ መማር ይጠቅማል፤ ነገር ግን በዚያው መበተን አይበቃም።

ሳያቋርጡ መገናኘት ደግሞ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በቀን አምስት ጊዜ ለሶላት እንሰበሰባለን። በአንድ መስጂድ የሚሰግዱ አምስት ወይም ስድስት ታማሚዎች በወር አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ቢቀመጡ፣ እህቶችም በየሰፈራቸው እንዲሁ ቢያደርጉ፣ ከተቻለም ነርስ ቢጋብዙ ምን ያግዳቸዋል?

ሥራቸው ቀላል ነው። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ይመከራልና አብረው ይራመዱ። የተለኩትን ስኳር በደብተር ይያዙ፤ ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ ወላጆች የተማሩ ልጆቻቸው ይመዝግቡላቸው። በየውዱው እግራቸውን ሲያጥቡ ቁስል እንዳለ ይመልከቱ፤ በጣቶች መሐልም በደንብ ያድርቁ። ላብ፣ መንቀጥቀጥና ግራ መጋባት የስኳር ማነስ ምልክቶች መሆናቸውን ይወቁ፤ ራሱን ላልሳተ ሰው ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይስጡት፣ ከ15 ደቂቃም በኋላ እንደገና ይለኩት። መድኃኒት መዋዋስ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ለአንዱ የታዘዘው ሌላውን ሊጎዳ ይችላልና።

ጀመዓው ይበልጥ የሚያስፈልገው ረመዳን ሲቃረብ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራ 184ኛው አንቀጽ ለታመመ ሰው በሌላ ቀን እንዲተካ ፈቅዷል። ሆኖም ብዙ ሰው «ምን ይሉኛል» በማለት ሐኪም ሳያማክር ይጾማል። ከጾሙ ስድስት ወይም ስምንት ሳምንት ቀደም ብሎ ሐኪምን መጠየቅ ይገባል፤ የመድኃኒቱ መጠንና ሰዓት ሊለወጥ ይችላልና። ብዙ ዑለማዎች ጣትን ወግቶ ስኳር መለካት ጾም እንደማያፈርስ ይናገራሉ። እየጾሙ ሳለ ስኳሩ ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ማፍጠር እንደሚገባ ሐኪሞች ይመክራሉ። ብቻውን ሲሆን የሚያፍር ሰው፣ እንደ እርሱ የታመመ ወንድሙ በሩኽሷው ሲጠቀም ካየ ይቀለዋል። አላህ በሰጠው ሩኽሷ የተጠቀመ ሰው ኢማኑ ጎደለ አይባልም።

ቤተሰብም ድርሻ አለው። ለታማሚው ለብቻው ድስት ከመጣድ ይልቅ ሁሉም ጎመኑንና ምስሩን አብዝቶ፣ ሩዙንና እንጀራውን ቀንሶ ከአንድ ማዕድ ቢበላ ለልጆቹም ይበጃል። ወጣቶች ሆይ! ወላጆቻችሁን «ይህን አትብሉ» እያላችሁ ከመቆጣት አብራችኋቸው ተራመዱ።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይስጥልን፤ ለመደጋገፍም ያግራልን። አሚን!