የእናቴ ነጠላና የስልካችሁ ካሜራ

ቤታችሁ የድሮ የፎቶ አልበም ካለ እስቲ አውጡትና የበዓል ፎቶዎችን ፈልጉ። ነጠላው ቦግ ብሎ፣ ጥለቱ ሳይቀር እየታየ፣ የባለቤቱ ፊት ግን እንደ ጥላ ጠቁሮ የቀረበት አታጡም። እኔ ዘንድ አንድ አለ። እናቴ ልጄን ክርስትና በተነሳበት ዕለት ታቅፋው የተነሳችው ነው። አብረው ያላቸው ፎቶ እሱ ብቻ ነው። ልጄ አሁን ጎረምሳ ሆኖ፣ ፎቶውን እጁ ላይ ይዞ «አያቴ ግን ምን ትመስል ነበር?» ይለኛል።

ለዓመታት ጥፋቱን በፎቶ አንሺው ላይ ጥዬ ኖሬያለሁ። ይቅር ይበለኝ፤ ነገሩ ከእሱም ያለፈ ነው። ኮዳክ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች «ሸርሊ ካርድ» የሚባል የቀለም ማስተካከያ ያድል ነበር። ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት። የእሷ መልክ በደንብ ከወጣ ቀለሙ ልክ ነው ተብሎ ይታለፋል። ካናዳዊቷ ተመራማሪ ሎርና ሮዝ እንደጻፉት፣ ኩባንያው ቡናማን በደንብ የሚለይ ፊልም እንዲሠራ ቀድመው የወተወቱት የቸኮላትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ናቸው። ማስታወቂያቸው ላይ የቸኮላቱ ዓይነት አልለይ ብሏቸው ነበራ! እኛ እንግዲህ ከቁም ሣጥን በኋላ ነው የታሰብነው።

ቴክኖንና አይቴልን የሚሠራው የቻይናው ትራንሽን እ.ኤ.አ. በ2006 ተቋቁሞ ከሁለት ዓመት በኋላ ፊቱን ወደ አፍሪካ አዞረ። መብራት ለሚጠፋበት አገር ቶሎ የማያልቅ ባትሪ፣ በአማርኛ የሚያስጽፍ ስልክ፣ ሁለት ሲም አቀረበ። (አንድ ኔትወርክ ብቻ በነበረን ጊዜ ሁለት ሲም ምን ያደርግልናል እል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ሳፋሪኮም ሥራ ሲጀምር ገባኝ።) በ2011 መገጣጠሚያውን እዚሁ አገራችን ከፈተ። ከሁሉም የኔን ልብ የነካው ግን ካሜራውን ለጠይምና ለጥቁር ፊት ማስተካከሉ ነው። ጉግል እንኳ ይህን ነገር በስልኩ ላይ በስም ጠርቶ ያስተዋወቀው በ2021 ነው።

ለጽድቅ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ገበያ ነው። ገበያው ደግሞ የሚሰጠው ሁሉ አይወሰድም። በብዙ ስልኮች ላይ «ማሳመሪያ» የሚባለው ነገር ሳትጠይቁት ቆዳን ያነጣል። በቀደም የእህቴን ልጅ አነሳኋትና ሁለት ፎቶ አሳየኋት። ስምንት ዓመቷ ነው። «ይሄኛውን ላኪልኝ፣ ቀላሁበት» አለችኝ። የምመልስላት ጠፋኝ። የእናቴን ፊት ያጠፋው ፊልምና የዚችን ልጅ መልክ የሚቀይረው ስልክ ለእኔ አንድ ናቸው።

እናም ዛሬውኑ የልጆቻችሁን ስልክ ተቀበሉና ማሳመሪያውን ዜሮ ላይ አድርጉት። ለመጪው በዓል አያቶች ሲመጡ ጀርባቸውን ሳይሆን ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙሩላቸው። ከማንሳታችሁ በፊት ስክሪኑ ላይ ፊታቸውን በጣታችሁ ንኩ፤ አብዛኛው ስልክ ብርሃኑን የሚመጥነው በነካችሁት ቦታ ነው። ነጠላው ትንሽ ቢነጣ ግድ የለም። ደግሞ አንዱን አሳጥባችሁ አልበሙ ውስጥ አስገቡት፤ ስልኩማ ይሰበራል።